ከአንቱ ወደ አንተ

ባለፈው እሁድ ከልጄ ስልክ አንድ ዜማ ሰማሁና የጋለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሆሳዕና ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የነበረው ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሳይቀር መጣብኝ። የልጅነታችን ጌም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ የጌሙ ሽማግሌ ወታደር የተዋጊዎቹን ቡድን ሲቀላቀል የሚለውን አነበብኩ፦ «እሺ፣ እንሂድ።»

«ይሄ ብቻ ነው?»

«ይሄ ብቻ ነው አባዬ።»

እኛ የሰማነው ሌላ ነበር። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ የነጋዴው ልጅና ለትምህርት ከሀደሮ መጥቶ አጎቱ ዘንድ የተቀመጠ ልጅ። እንግሊዝኛ ይችላል ብለን ስላመንን የሚተረጉምልን እሱ ነበር። በእሱ አፍ ሽማግሌው እኛ የምንጫወትበትን ጎረምሳ ሰይፈኛ «እርስዎ ይቅደሙ» ይለዋል።

«ሽማግሌ ለጎረምሳ አንቱ ይላል እንዴ?» ብሎ የነጋዴው ልጅ ይስቃል።

«ገና አልተዋወቁማ!»

አብረው ተዋግተው፣ አንዱ የሌላውን ቁስል ካሰረ በኋላ ተርጓሚያችን «አንተ» እንዲባባሉ አደረጋቸው። ጎል የገባ ይመስል ጮኽን። በዚያ ጌም እሳት ዳር ሲያርፉ ያላናገርከው ጓድ ይቀየማል፣ ጥሎም ይሄዳል። ሽማግሌው እሳት ዳር «ቤቴ ራቀብኝ፤ እዚህ እንደምን አደርክ የሚለኝ የለም» ይል ነበር። አየህ፣ እንዲህ የሚል መስመር ጌሙ ውስጥ የለም። ፈልጌ አጣሁት።

ጌም ልጅን ከሰው ይነጥላል የሚል አዋቂ ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ከተማው የማን ነው እያሉ በየስብሰባው ሲናቆሩ የሚውሉት እነሱ፣ ከሰው ተነጠሉ የተባልነው እኛ! አንድ ከሰዓት፣ ሽማግሌው ተቀይሞ ሄዶ ልናስታርቀው ስንለፋ፣ የትምህርት ቤታችን ሥርዓት አስከባሪ፣ ዩኒት ሊደሩ፣ መግረፊያ ጎማውን ይዞ ገባና ሶኬቱን ነቀለው። «ሰው ሁኑ! ከሰው ጋር ኑሩ!» እያለ ገረፈን። ቤቱን አሳሸገ። የሀደሮውን ልጅ አጎት አስጠርቶም «ዱርዬ ሆኗል፣ ወደ መጣበት መልሰው» አለው። አጎትየውም መለሰው። ዩኒት ሊደሩ በኋላ በሥነ ምግባር ተሸልሟል፤ ምን ያንሰዋል?

ልጁን መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው። ረዳቱ «ሀደሮ! ሀደሮ!» እያለ የአውቶቡሱን በር ይደበድባል። ልጁ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሽማግሌውስ? ይመለሳል?» አለው የነጋዴው ልጅ።

«ካልጠራችሁት አይመለስም። ጥሩት፣ እሺ?»

«የት ገብተን ነው የምንጠራው? ቤቱ ታሽጓል እኮ!» አልነው።

መስኮቱን ዘጋው።