ማንም ያላንኳኳት ኮከብ

ባለፈው ሳምንት ናይሮቢ ሰፈራችን ውሃ ጠፍቶ ሰነበተ። ታንከራችን ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ከላይ ወደ ታች በጣቴ እያንኳኳሁ ወረድኩ። ልጄ ሳቀችብኝ። እኔ ግን የሞያሌው ግቢያችን ትዝ አለኝ።

አባቴ ከዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ከወጣን በኋላ በኬንያው ሞያሌ ከቦቴ ውሃ እየተቀበለ፣ በበርሜል አጠራቅሞ በጀሪካን ይሸጥ ነበር። ክዳን ከፍቶ ማየት አይወድም፤ አቧራ ይገባል ይላል። በርሜሉን በጣቱ እየመታ ይወርድና ድምፁ የወፈረበት ቦታ ሲደርስ «እዚህ ነው» ይላል። ሲሳሳት አላየሁም።

ገና አስፋልቱ ሳይመጣ፣ ሞባይል ብርቅ በነበረበት ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ጨረስኩ። ናይሮቢ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለፊዚክስ ተቀበለኝ። አባቴ ግን ለቤታችን በሚቀርበው ማርሳቢት ነርስነት እንድማርለት ነበር የሚፈልገው። እኔም ልከራከረው አልደፈርኩም፤ እናቴ «ይቺ ልጅ አፍ የላትም» የምትለኝ ዓይነት ነበርኩ። አኩርፌ ከረምኩ።

ወደ ናይሮቢ የሚሄደው የጭነት መኪና ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ማንዳዚ በግመል ወተት ሻይ እየበላን ሳለ አባቴ ድንገት ጠየቀኝ።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው?»

«የኮከቦችን ውስጥ።»

«ማን ገብቶ አየው?»

«ምዋሊሙ» የምንላቸው የፊዚክስ መምህራችን የነገሩንን እንደምንም አወጣሁት። «ቅርብ ያሉ ኮከቦች እንደ ፀሐያችን ይንቀጠቀጣሉ። ፊታቸው ከፍ ዝቅ ሲል ብርሃናቸው በጥቂቱ ይለወጣል። ምዋሊሙ እንዳሉን፣ ያንን ለክተው ነው ውስጣቸውን የሚያውቁት። አንተስ ሳትከፍት አይደል በርሜሉን የምታውቀው?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። በርሜል ሲነሳ ነገሩ የሱ ሆነ።

«እሺ፣ እኔ አንኳኩቼ ነው። ኮከቧን ማን ያንኳኳታል?»

«ማንም። ውስጧ ይፈላል፤ የሚያንቀጠቅጣት እሱ ነው።»

«ዝም ብላ የተቀመጠች ነው እኮ የምትመስለው።»

«ከሩቅ ስለሆነ ነው፣ አባዬ።»

ይህን ስል ድምፄ ተሰበረ። እንባዬን ለመደበቅ አቀረቀርኩ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየኝ። ከዚያ እናቴን ጠርቶ «ልብሷን አዘጋጂላት፤ ነገ ናይሮቢ ትሄዳለች» አላት።

በማግስቱ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ፣ በዚያ ኮረኮንች ስንገጫገጭ፣ እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

ኮከብ ተመራማሪ አልሆንኩም፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አባቴ አርጅቷል፤ ጆሮው ስለደከመ በርሜል ማንኳኳቱን ትቷል። አሁን እናት ሆኜ ሳስበው፣ ያን ቀን ስለ ፊዚክስ የገባው ነገር ብዙ አይመስለኝም። የገባሁት እኔ፣ አፍ የሌለኝ ልጁ ነኝ።

ልጄ ስቃ ስትጨርስ ለአባቴ ደወልኩለት። እንደ ልማዱ ከሰላምታ በፊት ጠየቀኝ።

«ያቺ ኮከብ፣ ዛሬም ውስጧ ይፈላል?»

«ይፈላል፣ አባዬ» አልኩት ጮክ ብዬ።

«እንግዲያው ደህና ነሽ» አለኝ።