አንባቢዎቼ የወደዱት ድምፅ

መጀመሪያ የመጣው ብርድ ነው። ሚያዝያ ነበር። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሰው ሁሉ በካርቶን ቁራጭ ራሱን ሲያራግብ፣ እኔ ሹራብ በሹራብ ደርቤ በላዩ ጋቢ እለብስ ነበር። መርካቶ ውስጥ ክርና የልብስ ቁልፍ ስሸጥ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ጎረቤቴ ሐጂ ከድር ጨርቅ አስመጪ ናቸው። ጋቢዬን አይተው፣ "እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይሄን ብርድ ከየት ነው ያስመጡት? ለእኛም በጅምላ ያካፍሉን እንጂ!" ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ለሚሰማቸው ሰዎች ነው። ስለ ሌላው ሥራዬም ትንሽ መናገር አለብኝ። አጫጭር ልብ ወለዶች እጽፋለሁ፤ ሁለት መጻሕፍት አሳትሜአለሁ። ማን እንደሚያነባቸው ግን ለሃያ ዓመት አላወቅሁም። ባንክ የምትሠራው የእህቴ ልጅ መሠረት አንድ ቀን ስልኬን ተቀብላ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተችልኝ። "እቴቴ፣ አንባቢ መርካቶ ድረስ መጥቶ ይፈልገኛል ብለሽ ነው?" አለችኝ።

በየሳምንቱ አንድ ታሪክ በድምፄ ማንበብ ጀመርኩ። የምንቀዳው አርብ ቀን በስድስት ሰዓት ነበር። ሐጂ ከድርና ሌሎቹ ነጋዴዎች ለጁምዓ ሶላት ዘግተው ሲሄዱ መንገዱ ጋብ ይላል፤ ብረት ከሚቀጠቀጥበት ከምን አለሽ ተራ የሚመጣው የመዶሻ ድምፅ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። መሠረት በምሳ ሰዓቷ እየመጣች ስልኩን ትይዝልኛለች። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ተማሪ ቤት ሳለሁ ይሳቅበት ነበር። የሚያዳምጡኝም ጥቂት ነበሩ።

ብርዱ ከመጣ ከሁለት ወር በኋላ ድምፄ ወፈረ። ረጋም አለ። ቃላቱ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ውሃ አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። ግሩፑ ሞቀ። "እትዬ፣ ይሄ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ነበር?" "ልጆቼን የማስተኛቸው በእርስዎ ነው።" ከደሴ የምትጽፍልኝ ሰብለ የምትባል ልብስ ሰፊ፣ "የእርስዎ ሲመጣ የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ" አለችኝ። አድማጮቼ በመቶ መቆጠር ጀመሩ።

በእነዚያ ወራት የምኖረው ከውሃ ሥር ይመስለኝ ነበር። ደንበኛ ቁልፍ ሲጠይቀኝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጥያቄው ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ። ፊቴ አበጠ። የቅንድቤ ጫፍ ረገፈ። ሆዴ ይደርቃል። ተቀምጬ አንቀላፋለሁ፤ ሕልሙም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይል ነበር። የሱቄ ቁልፎች ከመደርደሪያው ተነሥተው በአየር ላይ ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ፤ መዶሻው በጥጥ የተጠቀለለ ያህል ለስልሶ ይመጣል፤ የሞቱ ዘመዶቼ በመንገዱ እያለፉ በአንገታቸው ሰላም ይሉኛል። ነቅቼም ሕልሙ ወዲያው አይለቀኝም።

አንድ አርብ እያነበብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። መሠረት ለማሳመር ያቆምኩ መስሏት ጠበቀችኝ። ነቅቼ ቀጠልኩ፤ እንዳለ ተላከ። "መሐል ላይ ያደረጉት ዝምታ አስለቀሰኝ" ብለው ብዙዎች ጻፉ። እንቅልፍ ነበር አላልኩም።

ገና ሰሞን መሠረት የፊቴን እብጠት አይታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶክተሯ ወጣት ናት። አንገቴን ዳበሰች፣ የልቤን ምት ቆጠረች፣ ደም አስመረመረች። "ሃይፖታይሮይዲዝም ነው። አንገትዎ ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ በቂ ሆርሞን አታመርትም" አለችኝ። ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን አዘዘችልኝ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ።

በሁለት ወር ውስጥ ሰውነቴ ሞቀ፤ ፊቴ ወደ ቦታው ተመለሰ። ድምፄም ቀጠነ። "እትዬ፣ ጉንፋን ያዝዎት እንዴ?" "የድሮዋ አንባቢ ትመለስልን።" አንዱማ፣ "የልጅ ልጅዎን ነው እንዴ የሚያስነብቡልን?" አለ። ሰዎች አንድ በአንድ ከግሩፑ መውጣት ጀመሩ።

ከፋሲካ በኋላ ኪኒኑን አቆምኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ሃያ ዓመት አንባቢ ስጠብቅ ኖሬ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሐምሌ ላይ ድምፁ ተመለሰ። ሰዎቹም ተመለሱ። ውሃውም።

ነሐሴ። አርብ። መሠረት ዘገየች። ስልኩን ራሴ ያዝኩ። የአንዲት ሙሽራ ታሪክ ነበር፤ አንድ ገጽ አነበብኩ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። አንድ ሰው ስሜን ጠራ። ሰማሁ። መመለስ አልቻልኩም። እጄ እንደ ብረት ቀዝቅዞ ነበር አሉ። ሐጂ ከድር ከሶላት ሲመለሱ ከመሠረት ጋር ተጋግዘው መኪና ውስጥ አስገቡኝ።

ዓይኔን የገለጥኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ዶክተሯ አጠገቤ ቆማለች።

"ሚክሲዲማ ኮማ ይባላል። ከዚህ ብዙ ሰው አይመለስም። ኪኒኑን ለምን አቆሙ?"

"ለድምፄ" አልኳት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም።

"እናቴ፣ ያ ድምፅ የእርስዎ አልነበረም። የእብጠቱ ነው። ፊትዎ እንዳበጠው ሁሉ የድምፅ አውታርዎም አብጦ ነው" አለችኝ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ማገገሜ ዝግ ያለ ነበር፤ መስከረምን በሙሉ በሱቄ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቅሁ፣ የመንገዱ ጩኸት ቀን በቀን ወደ ጆሮዬ እየቀረበ፣ ደንበኛ የሚጠይቀኝን ቁልፍ ሳልዘገይ እያነሣሁ መስጠት እስክችል ድረስ ቆየሁ። ጥቅምት ላይ በቀጭኑ ድምፄ ለግሩፑ ተናገርኩ። ያመሰገናችሁት ድምፅ ሕመም ነበር፣ ያስለቀሳችሁ ዝምታ እንቅልፍ ነበር አልኳቸው። አልወቀስኳቸውም፤ እነሱ አያውቁም ነበር፣ የማውቀው እኔ ነኝ። ብዙዎቹ ሄዱ፤ አሁንም አልተመለሱም። ከቀሩት ውስጥ ሁለት ሴቶች የእነሱም ብርድ እንደዚሁ እንደሆነ ጻፉልኝ፤ ተመርመሩ አልኳቸው።

ለእናንተም የምለው ያንኑ ነው። በሙቀት የሚበርደው፣ ያለ ልክ የሚያንቀላፋ፣ ድምፁ ሳይታሰብ የወፈረ ሰው እርጅና ነው ብሎ አይተው፤ የታይሮይድ ምርመራ በደም ይሠራል። ኪኒኑን ጀምራችሁ መለወጥ ወይም ማቆም ካሰባችሁ መጀመሪያ ለሐኪማችሁ ተናገሩ፤ ምክንያታችሁ የሚያሳፍር ቢመስላችሁም ተናገሩ። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ነሐሴን በሰላም አልፍ ነበር።

ዶክተሯን፣ መሠረትንና ሐጂ ከድርን አመሰግናለሁ። ሰብለንም እንዲሁ። እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ እሷም ሄዳለች ብዬ ነበር። በሳምንቱ መልእክቷ መጣ። ነሐሴ ላይ ራሴን ስስት የስልኩን የድምፅ መቅጃ ምልክት ተጭኖ የያዘው ጣቴ ሲላላ ያነበብኩት አንድ ገጽ በራሱ ተልኮ ኖሯል።

"እትዬ፣ አልዋሽዎትም፣ ቀጭኑን ድምፅ ገና አልለመድኩትም" ትላለች። "ግን ያቺን ሙሽራ በዝናብ መንገድ ላይ ትተዋት ነው የታመሙት። ሁለት ወር ሙሉ እያሰብኳት ነው። ቤቷ ደረሰች ወይስ አልደረሰችም?"

አርብ በስድስት ሰዓት ተቀመጥኩና ከሁለተኛው ገጽ ጀመርኩላት።