የእነትርንጎ ሰማያዊ በር

ባለፈው ቅዳሜ አባዬ ለገበያ ወረታ መጥቶ የተከራየኋትን ክፍል አንኳኳ። የወሩን ስንቄን ከትከሻው አውርዶ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ “አዲሱ ቤታችን ወደ ማለቁ ነው። ጣራው ተመቷል፣ ግድግዳው ተመርጓል። የቀረው በሩ ነው፤ እሱን አንቺ ምረጪ” አለኝ።

“እኔ?”

“አንቺ ነሻ! ሌላ ማን አለ እዚህ?”

እልል ብዬ ዘለልኩ። አከራዬ ሽንኩርት እየላጡ ስለነበር ቢላዋውን እንደያዙ ሮጠው መጡ። “ምነው ልጄ፣ ውጤት መጣ እንዴ?” አሉኝ። “የለም እትዬ፣ በር ልመርጥ ነው!” ስላቸው አባዬን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። አልፈረድኩባቸውም። ለበር እልል የምትል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እኔም አይቼ አላውቅም። ግን ነገሩን ከሥሩ ብታውቁት እናንተም አብራችሁኝ ትዘሉ ነበር። ስለዚህ ላውራችሁ፤ ደግሞ ሰሞኑን እጄ ከጻፈ አልቆም ብሏል።

ልጅ እያለሁ በራችን ቆርቆሮ ነበር። ቤታችን ከርብ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ሜዳው ላይ ነው፤ ዙሪያው ሩዝ፣ ከሩዙ ወዲያም ሩዝ። በኅዳር ነዶው ሲወቃ የገለባው ሽታ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ እስከ ገና አይለቅም። የቆርቆሮው በር በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ በሚስማር የተመታ ነበር፤ ከጣና በኩል ነፋስ ሲመጣ ጥርሱ እንደሚንገጫገጭ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ እርስ በርስ መስማማት ቀርቶ መሰማማት አንችልም። መቀርቀሪያው ሽቦ ነው። እኔ ግን ምንም አልጎደለኝም ነበር። እነትርንጎ የላሜራ በር እስኪያስገቡ ድረስ።

ትርንጎ የጎረቤታችን የአያ ደሴ ልጅ ናት፣ እኩያዬ። በሩ ከወረታ በጋሪ የመጣ ቀን መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። እንደ ሙሽራ በጋቢ ተሸፍኖ ነው የመጣው! ጋቢው ሲገለጥ ሰማያዊ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከላይ ሁለት መስታወት፣ መሐሉ ላይ በብየዳ የተሠራ አበባ። ያን አበባ ሳይ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተጣመመ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ስሙ ቅናት መሆኑን አላወቅሁም፣ ጥሬ ሽምብራ የበላሁ መስሎኝ ነበር።

ትርንጎ ደግሞ ታውቅበታለች። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ልጆቹን በሩ ፊት ታሰልፍና እጀታውን አንዴ ለማዞር አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ታስከፍለናለች። እኔ ቆሎዬን ሁሉ እዚያ ጨርሻለሁ። እጀታው ሲዞር ቀጭ የሚል ድምፅ ነበረው፤ እሱን ሰምቼ ቤቴ ስሄድ የኛን ቆርቆሮ በእርግጫ እለው ነበር። አንድ ቀን ቆሎ አልቆብኝ “በነጻ አንዴ ላዙር” ብላት፣ “ሂጂ የእናንተን አዙሪ! በእናንተ በር ሥር እኮ ዶሮ ሳታጎነብስ ትገባለች!” አለችኝ። ልጆቹ መሬት እስኪወድቁ ሳቁ። እውነቷን ነበር፤ ዶሮዋ በእርግጥም ሳታጎነብስ ትገባ ነበር።

አሁን ስለ መሬታችን ትንሽ ልንገራችሁ፤ የሌላ አገር ሰው አያውቀውም። የፎገራ ሜዳችን ዋልካ፣ ጥቁሩ አፈር፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር ይውጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሲያብጥ ቤቱን ይዞ ይነሳል፣ የበሩን መቃንም ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ቆርቆሯችን ልል ስለነበር ግድ አልነበረውም። ላሜራ ግን ልክ በልክ ነው የሚገጠመው።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ላጲስ ልዋስ ብዬ እነትርንጎ ቤት ሄድኩ። ሰማያዊውን በር ባንኳኳ፣ ባንኳኳ፣ ማንም የለም። በኋላ ትርንጎ ከጓሮ በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ በጣቷ ጠራችኝ። ዞሬ ስሄድ የጓሮውን ግድግዳ በስተው ጆንያ ጋርደውበታል። እናቷ፣ አባቷ፣ ሁሉም ከሐምሌ ጀምሮ በዚያ ቀዳዳ እየተንበረከኩ ነበር የሚገቡት! በሩን መቃኑ ነክሶት አልከፈት ብሏል። አያ ደሴ፣ ያን ያህል አገር አይቶት፣ አፍረው ለማንም እንዳይነገር ብለዋል። “ማርያምን ለማንም አልናገርም በይ” አለችኝ ትርንጎ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ማርያምን አልኩ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልደብቃችሁ? ያን ሳምንት እየዘፈንኩ ነው አረም ያረምኩት። የሚገርመው ግን ይሄ ነው፤ እንደማይከፈት እያወቅሁም በሩን እፈልገው ነበር። በጋ ሲመጣና መሬቱ ሲሟሽሽ ትርንጎ እንደገና አሰለፈችን፣ እኔም ቆሎዬን ይዤ ተሰለፍኩ።

በጥር አባዬ በራችንን ሊቀይር ተነሳ። እሱ ልቡ ሳንቃ ላይ ነበር። አያቴ የተከለው ዋንዛ ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ለበር ተብሎ ሁለት ዓመት ቆጥ ላይ ደርቋል። እማዬ ምስጡን ፈርታ ብረት ትላለች። “እንጨቱን ለምስጥ ሰንቀህ ነው እንዴ ያደረቅኸው?” እያለች ትወጋዋለች። እኔ ደግሞ ጠዋት ላሜራ፣ ማታ ላሜራ። አባዬ ሰልችቶት “እሺ፣ የደሴን ሄደን እንየው” አለና ይዞኝ ሄደ። አያ ደሴ በሩን በሌባ ጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ እንደ ቅቤ ሄደ። “ተመልከት! በአንድ ጣት! ቤት ያለው ሰው እንዲህ ነው!” አሉ። ትርንጎ ከኋላቸው ቆማ እኔን ብቻ ታያለች።

ስንመለስ በታጨደው ሩዝ መሐል አባዬ ቆመና፣ “አንቺ ከነደሴ ቤት አትጠፊም። በክረምት አያስቸግርም?” አለኝ።

ሳላመነታ “ኧረ አያስቸግርም!” አልኩት።

መሐላዬን ጠብቄ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ውሸት ነው። “እነሱን ጠይቅ” ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። ያን አበባ ፈልጌ ነው። አባዬ ሳንቃውን ለደብራችን ዕቃ ቤት ሰጠው፤ ለእኛም ላሜራ መጣ። ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቀይ። አበባውም አንድ ሳይሆን ሁለት እንዲሆን እስኪበየድ ድረስ አልቅሻለሁ። ትርንጎ ሦስት ቀን ቤታችን አልመጣችም። በአራተኛው ቀን መጥታ አበባዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካች፤ ዓይኗ ውስጥ ያየሁት የራሴን የሆድ ቁርጠት ነበር። ከዚያ ቀን የሚጣፍጥ ቀን በልጅነቴ አላስታውስም።

ሐምሌ ሲጋመስ በራችን መጎተት ጀመረ። አባዬ በትከሻው እየገፋ “አዲስ ስለሆነ ነው” ይላል፣ እኔም “አዎ ይላመዳል” እላለሁ። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት አባዬ ከብቶቹን ወደ ከፍታው ሊያሸሽ ወጣና ውሃው እንዳይገባብን በሩን ጎትቶ ዘጋልን። ብዙም ሳይቆይ ርብ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ ሆነ። ውሃው በደፉ ሥር ሰርጎ መግባት ጀመረ። እማዬ ጡት የሚጠባውን ወንድሜን ታቅፋ በሩን ብትስብ፣ ብትገፋ፣ ወይ ፍንክች። መስኮታችን ራስ ብቻ የምታስወጣ ናት፣ ሌላ መውጫ የለንም። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ ላይ። የዘር ሩዙ ጆንያ ተነክሮ ጎኑ ላይ ሲወድቅ አየሁት። እማዬ በመስኮቷ በኩል ኡኡ አለች።

ጎረቤቱ በውሃው ውስጥ እየተንቦጫረቀ መጣ። ወንዶቹ እጀታውን ይዘው ተረባርበው ሲገፉና ሲነቀንቁት ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ከውጭ የትርንጎን ድምፅ ሰማሁት፣ ከሁሉ በላይ እየጮኸች።

“እጀታውን ተዉት! ከላይ በማጠፊያው በኩል ነው የሚይዘው! የእኛም እዚያው ላይ ነው! አባዬ፣ ንገራቸው እንጂ!”

ከዚያ ዲጅኖ ጉበኑን ሲመታ ሰማሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አያ ደሴ ነበሩ፤ ቦታውን አልፈለጉትም፣ ያውቁታል። በሩ ሲለቅ ውሃው ገባ፣ እኛ ወጣን። አንዲት ሴትዮ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ “እንዴ አያ ደሴ፣ ያ በአንድ ጣት የሚከፈተው?” ስትል ሰዉ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሳቀ። አያ ደሴ አንገታቸውን ደፉ። ትርንጎ ግን ከእማዬ ወንድሜን ተቀብላ አዘለችው፣ ማንንም አላየችም።

አባዬ ሲመለስ የተሰበረውን ጉበን አየ፣ የሆነውንም ሰማ። “ታውቂ ነበር?” አለኝ። “ማርያምን ብዬ ስለነበር ነው” አልኩት። ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። የተሰበረውን ጉበን አንስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ያ ዞሮ የሄደበት ጀርባው ስምንት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። እና እውነቱን ልናገር አይደል? ያን ዕለት ያቃጠለኝ ጸጸት ብቻ አልነበረም። መንደሩ ሁሉ “ትርንጎ ባትኖር” ሲል እንደገና ቀናሁባት። ያን የበሩን ምስጢር እኔም አፌ ውስጥ ዓመት ሙሉ ይዤው ነበር፤ ቀድማኝ ተናገረችው። የገዛ አባቷን አሳፍራ ተናገረችው።

ቀዩ በር ተነቅሎ ጓሮ ተኛ፤ በበጋ ሩዝ ይሰጣበታል። ቆርቆሮው ተመልሶ ተሰቀለ።

አሁን ትርንጎና እኔ እዚሁ ወረታ አንድ ትምህርት ቤት ነን፤ እሷ በአንድ ክፍል ትበልጠኛለች። ዛሬም እቀናባታለሁ፣ በእጅ ጽሑፏ፣ በሹሩባዋ። ልዩነቱ አሁን ፊት ለፊት “ቀንቼብሻለሁ” እላታለሁ፣ እሷም “እፍኝ ቆሎ አምጪ” ትለኛለች። የበሩን ዜና ስነግራት “ብቻ ቀይ እንዳትይ!” ብላ ሳቀችና አብራኝ ልትመርጥ ወጣች።

የዘንድሮ ወረታ የልጅነታችንን ዓይን የሚያሳብድ ነው። ከመናኸሪያው ወዲያ መንገዱ ግራና ቀኙን በር ብቻ ነው፤ ላሜራው አንበሳ ሁሉ ተበይዶበታል፣ መስታወት የገባበት አሉሚኒየም አለ፣ እንጨት መስሎ እንጨት ያልሆነ ከውጭ የመጣም አለ። ሻጮቹን ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ “በነሐሴስ?” በያጁ “ብረት ክረምት አያውቅም” ብሎ ደረቱን ነፋ። አሉሚኒየም ሻጩ “አንቺ ልጅ፣ በሩን ነው ወይስ ነሐሴን ነው የምትገዢው?” ብሎ ሳቀብን። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ አናጢ ጋ ገባን። መላጊያቸውን አስቀምጠው፣ “ያብጣል እንጂ፣ እንጨት አይደለ? መቃኑን ሁለት ጣት አስፍቼ እሠራዋለሁ። እንዲያም ሆኖ ከያዘ ጥሩኝ፤ መጥቼ እልገዋለሁ” አሉ። “ነፋስ ይገባል” ስትል ትርንጎ፣ “ይግባ” አሉ። ከሁሉም ጉድለቱን የነገሩን እሳቸው ብቻ ናቸው። የሳቸውን የዋንዛ በር መረጥኩ።

ማታውኑ ለአባዬ ደወልኩ። የመረጥኩትን ነገርኩትና ሳላስበው አፌ ቀጠለ፤ “አባዬ፣ ያን ጊዜ መሐላው አልነበረም። ቀንቼ ነው የዋሸሁህ።”

“አውቃለሁ” አለ።

“ታዲያ ለምን እኔን አስመረጥኸኝ?”

“የማይከፈት በር ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ከእንግዲህ አትሳሳቺም ብዬ ነው” አለና፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ስቄ ብቻዬን አለቀስኩ።

በልጅነቴ በር የሚያስቀና ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ሰው አሰልፎ የሚያሳዩት። አሁን ሳስበው እማዬ ልጅ ታቅፋ በቀላሉ የምትወጣበት ብቻ ቢሆን ይበቃኛል።

በሩ በጥር ይገጠማል፣ ቤቱም ይመረቃል። ታዲያ አንባቢዎቼ፣ በጥር አትምጡ፤ በጥር የማንም በር ይከፈታል። በነሐሴ ኑ። ከወረታ ወጥታችሁ ጫማችሁን አውልቁና ሱሪ ያለው ሱሪውን፣ ቀሚስ ያለው ቀሚሱን ሰብስቦ በውሃው ውስጥ ይምጣ። ሳታንኳኩ ግፉት። ከተከፈተ ትኩስ ሩዝ በእርጎ ይጠብቃችኋል። አልከፈት ካለ ግን እንዳትሸፍኑልኝ፤ እዚያው ደጃፋችን ቆማችሁ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።