ሸክላውን ያሟሸሁ ዕለት

በዚህ የፈረንጅ ከተማ አስራ አንድ ዓመት ስኖር የእናቴን ሥራ ለማንም ሐበሻ ተናግሬ አላውቅም ነበር። የሚጠይቀኝ ካለ "ነጋዴ ነበረች" እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ገበያ ወጥታ ትሸጥ ነበር። ምን እንደምትሸጥ ግን አልናገርም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እኔ ባደግኩበት አገር ደግሞ ሸክላ ሠሪ ማለት ቡዳ ማለት ነው። ድስቷን ይገዟታል፣ ወጣቸውን ይሠሩበታል፣ እሷን ግን ከደጃፍ አያሳልፏትም። ልጅ የታመመ እንደሆነ "በዓይኗ በልታው ነው" ይሏታል።

ይህን ከማንም በላይ የደበቅኩት ከአበልጄ ነው። ኦሮራ ቻምበርስ ሮድ ላይ አንድ የአፓርትመንት ኮምፕሌክስ ውስጥ ነው የምንኖረው፣ እሷ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት። ሥራ ያስገባችኝ እሷ ናት። ሦስት ዓመቷን የያዘችው ልጇ የክርስትና ልጄ ናት፤ ነፍሴ ናት ብል አላጋነንኩም። አንድ ቀን ማኅበር ላይ አንዲት ገና የመጣች ልጅ ሕፃኗን ልታቅፍ እጇን ብትዘረጋ፣ አበልጄ ቀማ አድርጋ እኔ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። ጆሮዬ ጋ ተጠግታም "ዘሯን አጣርቻለሁ፣ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው አሉ። አንቺ ጋ ትሁንልኝ" አለችኝ። ምን እላለሁ? ያቺ ምስኪን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ እያየኋት፣ አፌን ዘግቼ ልጅቷን እሹሩሩ አልኩ። እስከ ዛሬ ያን ቀን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

እኔና አበልጄ የምንጦረው አንዲት ጃፓናዊት ባልቴት ነው። ቤታቸው ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር፣ ያረጀ የጡብ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት እሷ በመኪናዋ ትሄዳለች፤ ከሰዓት እኔ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶብስ የኮልፋክስን መንገድ ይዤ እተካታለሁ። እማማ ነው የምንላቸው። ትርጉሙን ከነገርናቸው ወዲህ ራሳቸው ስልክ አንስተው "እማማ ነኝ" ይሉናል፣ እየሳቁ።

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የአባታቸው ፎቶግራፍ አለ፤ እጁ እስከ ክንዱ ጭቃ የለበሰ ሽማግሌ። ሥራ በጀመርኩ ሳምንት እማማ "አባቴ ሸክላ ሠሪ ነበር" ሲሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ ብዬ ጠበቅኩ። ኧረ እሳቸው! "ታላቅ ሸክላ ሠሪ! ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ እጅ ይነሳው ነበር" አሉኝ ደረታቸውን ነፍተው። እኔ ኩሽና ገብቼ ያልቆሸሸ ሲንክ አጠብኩ።

ባለፈው ዓመት ጸደይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ከቁም ሳጥን ላይ የእንጨት ሣጥን አውርጂልኝ አሉኝ። እሁድ የባለቤታቸው መታሰቢያ ነበር። ደሞዛችንን የሚከፍለን ልጃቸውና እንግዶች ከሩቅ ይመጣሉ፣ እሳቸውም አባታቸው በሠራው የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ የአበባ ቅርንጫፍ ማቆም ፈለጉ። ስንት ዓመት ከሣጥኑ ወጥቶ አያውቅም። ጨርቁን ገለጥኩት። ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ፣ ከበድ ያለ፣ ቀይ ዳማ ዕቃ ነው። ቀለም የሚባል አልነካውም። በእንጨት እሳት ቀንና ሌሊት ሲነድ አመዱ አንድ ጎኑ ላይ አርፎ ቀልጧል፣ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ማር ወርዷል። ሌላው ጎኑ ደረቅ ነው። ሳላስበው እጄ ወደ እሳቱ የዞረውን ጎን ለየ፤ ሌላ ዕቃ ተደግፎት የነበረበትንም ቦታ አገኘ። ከሥሩ የአባታቸው ማኅተም አለ። የእናቴ ድስቶች ማኅተም አልነበራቸውም፤ ማን እንደሠራቸው ማወቅ የፈለገ ሰው አልነበረም።

ዓርብ ማታ ከመውጣቴ በፊት እማማ እንዳዘዙኝ ውሃ ሞልቼ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"ሰብረሽዋል!" አለችኝ አበልጄ። "ጠረጴዛው ውሃ በውሃ ሆኗል። በማርያም ምን አድርገሽው ነው?"

"ውሃ ብቻ ነው የሞላሁበት።"

"አንቺ አይደለሽ ከላይ ያወረድሽው? ደንግጬ ለልጃቸው ፒክቸር ላኩለት። ማታ ይገባል። የተሰነጠቀ ከሆነ የነካችው ሰው ከሰኞ ጀምሮ አትምጣ ብሏል። አንቺን ያመጣሁ ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሁለታችንም አለቀልን!"

ልብሴን ደርቤ ወደ አውቶብስ ሮጥኩ። አውቶብሱ ያን ቀን በየፌርማታው ካልቆመ የሚሞት ይመስል ቆመ። ስደርስ እማማ ጋደም ብለዋል፤ አበልጄ ውሃውን ደፍታ፣ ሸክላውን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ሣጥኑ ልትመልሰው ነው። ተቀብያት በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ስንጥቅ ቢሆን በአንድ መስመር ነበር የሚያፈሰው፤ ይሄ ግን የታችኛው ገላው በሙሉ አልቦታል። በጣቴ አጥንት መታ መታ አደረግኩት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው።

"አልተሰነጠቀም" አልኳት። "ደርቆ ስለኖረ ነው። መሟሸት ነው የሚፈልገው።"

"አንቺ ምን አውቀሽ?"

"ዩትዩብ ላይ አየሁ።"

ፈጥኜ ሥራዬን ጀመርኩ፤ መጠየቅ ከቀጠለች ጉዴ ሊፈላ ነው። እናቴ አዲስ ዕቃ የምታሟሸው ስስ አጥሚት ቀቅላበት ነበር፤ አጥሚቱ ቀዳዳውን ገብቶ ይደፍነዋል። እማማ ቤት ደግሞ ሩዝ ሞልቷል። ሩዙን አጥቤ ነጩን ውሃ አጠራቀምኩ። ለኑድል የሚሆነውን ትልቁን ድስት አወጣሁ፣ ከሥር ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ሸክላውን አቆምኩበትና እስኪሰጥም ድረስ የሩዙን ውሃ ሞላሁት። ምድጃውን በጣም ዝቅ አድርጌ ለኮስኩ።

"እሳት ላይ?" ራሷን ያዘች። "አብደሻል እንዴ? የእማማን አባት ዕቃ ልትቀቅይው ነው?"

"ቀስ ብሎ ከሞቀ ምንም አይሆንም።"

"ከሆነስ?"

ከሆነስ? እኔስ እሱን አይደል የማስበው! የእናቴ ሸክላ ሌላ ነው፣ የሜዳ እሳት የጠጣ ለስላሳ ዕቃ ነው፤ ይሄ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። አንዱን ባውቅ ሌላውን አላውቅም። ውሃው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንድ ነገር ቀጭ አለ። አበልጄ "ኢየሱስ!" ብላ ወደ ኋላ አለች። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳይ ምድጃው ነው፣ ብረቱ ሲሞቅ። መሳቅ አቅቶኝ እንፋሎቱን ማሽተት ያዝኩ። መጀመሪያ ጥሬ አፈር ይሸታል፤ አጥሚቱ ሲገባለት ሽታው ይለወጣል። ይህን እናቴ ናት ያስተማረችኝ።

ቀና ስል እማማ በመራመጃ ዎከራቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። የአባታቸው ዕቃ ድስት ውስጥ ነጭ ውሃ ለብሶ ሲንተከተክ ያያሉ።

"ማን አሳየሽ?" አሉኝ በእንግሊዝኛ።

"ዩትዩብ ላይ ነው ያየችው" አለች አበልጄ ፈጥና። ልታድነኝ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለችም።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እናቴም በሩዝ ውሃ እንዲህ ታደርግ ነበር። ከቪዲዮ የተማረ ሰው ስልኩን ያያል። አንቺ ግን እያሸተትሽ ነው። ቤታችሁ ይህን የሚሠራ ማን ነበር?"

አበልጄ እኔን እያየች ነው። "ማንም" ማለት እችል ነበር። አስራ አንድ ዓመት ስደብቅ ኖሬያለሁ፣ አፌ ለምዶታል። ግን በበሩ በኩል የሽማግሌው ፎቶግራፍ ይታየኛል፣ ጭቃ እጁን ይዞ እንደ ንጉሥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። የእናቴ ጭቃ ምን ሆነና ነው ይሄን ያህል የምደብቃት? የወለደችኝን?

"እናቴ" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ሸክላ ሠሪ ነበረች።"

አበልጄ እንዳልሰማች መሆን እንዳትችል ወደ እሷ ዞሬ በአማርኛ ደገምኩት። "እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እኔም እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ አብሬያት ሠርቻለሁ።"

እማማ ዎከሩን ለቀቁት። ግድግዳውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ያን የሚያማቸውን ወገብ አጥፈው ጎንበስ አሉልኝ። በእናቴ ስም እጅ የነሳኝ ሰው በሕይወቴ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሮጬ ደገፍኳቸው፣ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ዘወር ስል አበልጄ ቦርሳዋን አንግታለች።

"ልጄን ከሞግዚት ልቀበል" አለችና ወጣች። ፊቴን አላየችም።

ምድጃውን አጥፍቼ ሸክላው እዚያው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። እሁድ ጠዋት ውሃ ስሞላበት ጠብ አላለም። ልጃቸው ሥሩን ዳሰሰ፣ ጠረጴዛውን ዳሰሰ፣ "ደህና ነው" አለኝ፣ አለቀ። ቢጫ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ቆመበት፤ እንግዶቹ ተራ በተራ እየቀረቡ እጅ ነሱት። እኔ ስልኬን ነበር የማየው። አበልጄ ቅዳሴ ወጥታ ሳትደውልልኝ የዋለችበት እሁድ የለም። ያን ዕለት ግን ስልኩ አልጮኸም።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወለች። "ነይ። አሁኑኑ ነይ።"

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ልጅቷ ሶፋ ላይ ተኝታለች፣ ጉንጯ እሳት መስሏል። አበልጄ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም።

"ማታ ጀመራት" አለችኝ። "ዓርብ ጠዋት ደህና ነበረች። አንቺ አቅፈሻት ነበር።"

"ሁልጊዜስ አላቅፋትም እንዴ? ምን ማለትሽ ነው?"

ጉልበቴ ላይ ወደቀች። "እንትፍ በይባት። በእመቤቴ ይዤሻለሁ። ለማንም አልናገርም፣ እስከ መቃብሬ አልናገርም። እንትፍ ብቻ በይባትና ይልቀቃት።"

እናቴን ስንት ጊዜ እየጎተቱ ወስደዋታል። ትሄዳለች፣ የሰው ልጅ ላይ እንትፍ ትላለች፣ ትመለሳለች፤ ያን ማታ እህል አትቀምስም። ልጁ ከዳነ "አያችሁ፣ እሷው ናት" ይላሉ። ካልዳነም ከልቧ ስላልተፋች ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጅቷን ሳያት ምራቄ አፌ ውስጥ ሞላ፣ እውነቴን ነው። አንዲት ትንፋሽ ናት። ብላት አበልጄ ትረጋጋለች፣ ምናልባትም ታቅፈኛለች።

ልጅቷ "ኢር፣ ኢር" አለች በእንግሊዝኛ አፏ፣ ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ።

ዋጥኩት። "አልልም" አልኩ። "እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ሌላ አይደለችም። እኔም ሌላ አይደለሁም። ጆሮዋን ነው ያመማት፣ ሐኪም ጋ ውሰጃት።"

"ውጪልኝ!"

በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ስታለቅስ ይሰማኛል። አሁን ሄጄ እንትፍ ብል ምን ይጎድልብኛል እያልኩ፣ አልነሳም እያልኩ፣ ጉልበቴን በሁለት እጄ አንቄ ያዝኩት። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እንጃ። በሩ ተከፈተና አበልጄ ልጇን በብርድ ልብስ አቅፋ፣ የልጇን ፊት ከእኔ ዓይን በነጠላዋ ሸፍና በአጠገቤ አለፈች። የመኪና ቁልፍ ይዛለች። ሐኪም ጋ ነው።

ተከትያት ወረድኩ። ልጅቷን መኪናው ውስጥ በሕፃን ወንበሯ፣ ካርሲቱ ላይ አስቀመጠቻት፤ ቀበቶውን ማሰር አቃታት። አንዴ ሞከረች፣ ሁለቴ ሞከረች፣ ማልቀስ ጀመረች። ያ ቀበቶ አስቸጋሪ ነው፣ እኔ ነኝ የለመድኩት። በሌላው በር ገብቼ "ተይው፣ እኔ ልሰር" አልኳት። እጇን አነሳችልኝ። ልጅቷ ድምፄን ስትሰማ ከነጠላው ሥር እጇን ወደ እኔ ሰደደች። እኔ ቀበቶውን አሰርኩ፤ እስክጨርስ ድረስ አበልጄ ነጠላውን ከልጅቷ ፊት ላይ አላነሳችም።