ክቡ ማጉረሻና ቀጭኑ

ሽጉጧን መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ይሄ ይታወቅልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከስፕሪንግፊልድ ወዲያ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥበት ሜዳ አለ። እዚያ ከጓደኛዬ ጋር ስንዞር አንዲት ትንሽ የኪስ ሽጉጥ፣ አምስት ጎራሽ፣ በባሩድ የምትሠራ፣ ተጋድማ አየሁ። እሱ "እኔም እኩል አይቻታለሁ" ይላል። ውሸቱን ነው፤ ያን ጊዜ የሚያየው መጥበሻ ነበር። ቀድሜ እጄን ጣልኩባት፣ አለቀ።

ጓደኛዬ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፣ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ሪታየር ያደረገ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ አርሊንግተን ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ያረጀሁ። እሱም ኋላ ለራሱ እንደዚሁ በባሩድ የሚሠራ ትልቅ ሽጉጥ ገዛ፤ ወገቡ ላይ ሲሰካው ሱሪው ይወርዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቨርጂኒያ ያለው የተኩስ ሜዳ አብረን እንሄዳለን። ዓይኑ ግን ከእኔዋ ላይ ተነቅሎ አያውቅም።

ይቺ ሽጉጥ እንደ ዛሬዎቹ ጥይት አትጎርስም። በየጉድጓዱ ባሩድ ታፈሳለህ፣ አረር ትጠቀጥቃለህ፣ በመጨረሻ ከኋላ በኩል ባለችው ትንሽ ጉጥ ላይ ካፕ ታለብሳለህ። ካፕ ማለት ከምስር ብዙም የማትበልጥ የመዳብ ቆብ ናት። መዶሻው ሲመታት እሳት ትተፋለች፣ ባሩዱም ይነሳል። ጣቱ ደህና የሆነ ሰው በእጁ ያለብሳታል። የእኔን ጣቶች ግን ስኳር አደንዝዟቸዋል። አንዷ ትወድቅና እሷን ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ሌላዋ ትወድቃለች።

ይሄን ባለቤቴ ሰማች። ማን ነገራት? እሱ ነዋ! ቤታችን ሻይ እየጠጣ፣ "እህቴ፣ ባለፈው ቅዳሜ ሰውየው ከመሬት ሲለቅም ዋለልሽ፤ ዶሮ ነው የመሰለኝ" አላት።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። "ስማ፤ በገዛ እጅህ መሙላት ያቃተህ ቀን ይሄ ነገር ከቤቴ ይወጣል።"

"ወዴት ነው የሚወጣው?"

"ለጋሼ እሰጠዋለኋ።"

ጋሼ የምትለው እሱን ነው። እሱም ያዘነ ሰው መስሎ አንገቱን ደፍቶ፣ ስኳር የሌለበትን ሻይ ያማስላል።

"የፊታችን ቅዳሜ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ" አለች። እሷ ደግሞ የጸሎት ሰው ናት፣ አንዴ ከተናገረች አትመልስም። እሺ አልኩ።

ለዚህ ለካፑ መሣሪያ አለው፣ እኛ ማጉረሻ እንለዋለን። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክብ ነሐስ ነው፣ የኪስ ሰዓት የሚመስል፤ ሆዱን ካፕ ትሞላዋለህ፣ እሱ በአፍንጫው አንድ አንድ እያለ ያወጣል። ሌላው ቀጭን ነው፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ፣ ካፖቹ ተሰልፈው የሚቆሙበት። ጓደኛዬ ሱቅ ወሰደኝና ሁለቱን አስቀርበን አየን።

"ቀጭኑን ያዝ" አለኝ። "እኔም የያዝኩት እሱን ነው።"

"ለምን?"

"ለምን ምን ያደርግልሃል? ላንተዋ የሚሆናት እሱ ነው አልኩህ።"

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ይሄ ሰው ሽጉጤን ሊወርስ የተቀመጠ ነው። እሱ ቀጭኑን ያዝ ካለ ቀጭኑ የማይረባ ነው ማለት ነው። ክቡን ያዝኩ።

"አቤት ድርቅና!" ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳል የያዘው መስሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ በባዶ ሽጉጥ ስለካው የክቡ አፍንጫ ወፍራም ነው። የእኔዋ ትንሽ ስለሆነች ካፑ የሚገባበት ቦታ ጠባብ ነው፤ አፍንጫው ደጅ ቆሞ ቀረ። ለትልቅ ሽጉጥ ነው የሚሆነው። ያኔ ገባኝ። ሰውየው እውነቱን ነበር የነገረኝ! እውነቱን የነገረኝም እንደማልሰማው ስለሚያውቅ ነው። ሌላ ሰው በውሸት ያታልላል፤ ይሄ ግን በእውነት ጉድ ሠራኝ።

መኪናዬን ከሸጥኩ ወዲህ የሚያመላልሰኝ እሱ ነው። "ልክ ነበርክ፣ ወደ ሱቁ መልሰኝ" ከምለው ሽጉጧን ከነማህደሯ ባስረክበው ይሻለኛል።

ቅዳሜ ደረሰ። ባለቤቴ ከፊት ተቀመጠች፣ እሱ ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን፣ ሙሉ እያንጎራጎረ ነዳ። እኔ ከኋላ ሆኜ ማጅራቱን እያየሁ አስባለሁ።

ሜዳው ላይ አፈሙዙን ወደ ኢላማው አድርጌ ባሩዱን አፈሰስኩ፣ አረሩን ጠቀጠቅኩ። ክቡን ከኪሴ አላወጣሁም። ባለቤቴ ከኋላችን ቆማለች። ሁላችንም ጆሯችንን ስለሸፈንን መጮህ ነው።

"ቀጭኑን ያዝ ያልከኝ ልታታልለኝ ነበር!"

"እኔ?"

"አንተ ነሃ! ሰምቼህ ቢሆን ጉድ ሆኜ ነበር። ያንተ ቀጭን እዚች ላይ አይደርስም።"

"አይደርስም?"

"አይደርስም! አንተ ስለ ማጉረሻ ምን ታውቃለህ? ባለቤቴም ትስማ!"

ይሄ ሰው ታክሲ ሲነዳ፣ "መንገዱን አታውቀውም" ያለውን ተሳፋሪ ሳያስፈልግ ቤልትዌዩን አዙሮ የሚያሳይ ሰው ነበር። ዓይኑ ፈጠጠ።

"እንካ! እንካና እይ!" ብሎ ቀጭኑን ከኪሱ መዝዞ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

አንዷ ጉጥ ላይ ጫን አደረግኩት፤ ካፗ ቁጭ አለች። ወደሚቀጥለው ጉድጓድ አዞርኩ። ሁለተኛዋም ቁጭ።

"አየህ? አየህ አይደል?" ይጮሃል። "ማን ነው የማያውቀው? እንዴት ሰተት እንደምትል እያት!"

እስከ አራተኛዋ ድረስ ጮኸ። አምስተኛዋ ላይ እጁን ወደ ባዶ ኪሱ ሰደደ።

አንድም ካፕ አልወደቀም። ኢላማውን መታህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ስለ መምታት የተነጋገርነው ነገር አልነበረም።

"እህቴ፣ ማጉረሻው እኮ የእኔ ነው!" አላት።

"ጋሼ፣ ‹በገዛ እጅህ› አልኩት እንጂ ‹በገዛ ማጉረሻህ› አላልኩትም" አለችው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስንመለስ ማንጎራጎሩን ትቷል። ትንሽ ከተጓዝን በኋላ፣ "በል ማጉረሻዬን አምጣ" አለኝ።

"እሰጥሃለሁ" አልኩት። "በክቡ ለውጠኝ እንዳልልህ፣ ክቡ ለዚያ ለትልቁ ሽጉጥህ አይሆንም።"

ባለቤቴ አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

"ማን ነው አይሆንም ያለው?" አለና አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ወደ ኋላ ዘረጋልኝ። "ክቡን አምጣ!"