ሁንዴ የገጠመው መሪ

ናዝሬት ውስጥ ገሠሠን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት ከባቡር የወረደ ነው፣ ወይ ገሠሠን አኩርፏል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ነድቷል። በረሃ ላይ ስንት ጎማ እንደፈነዳበት ሲያወራ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ያድጋል። አንዱን ነገር ግን አይዋሽም፤ ተሳቢ ወደ ኋላ በመግፋት የሚደርስበት አልነበረም። ተሳቢ ደግሞ ወደ ኋላ ሲገፉት እልኸኛ ነው፤ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት እሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ስንቱ ጎበዝ ሹፌር እዚህ ላይ ላብ አጥምቆት ረዳቱን ሲራገም፣ ገሠሠ ሲጋራውን ከከንፈሩ ሳያወርድ መጋዘኑ በር ላይ እንደ መሶብ ክዳን ይገጥመው ነበር።

አንድ ቀን ተሳቢውን ሲፈታ ብረቱ ወደቀና የቀኝ ትከሻውን ሰበረው። አጥንቱ ገጠመ፤ ክንዱ ግን ከዚያ ወዲህ ከደረቱ በላይ አልነሣም አለ። ጡረታ አወጡት። እሱም ባጠራቀማት ገንዘብ አንዲት ያረጀች ፔጆ 404 ገዝቶ ከናዝሬት ዝዋይ መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አንድ እጅ ይበቃል። ስለ ትከሻው ለማንም ትንፍሽ አላለም።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ግን አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ዕድሜው የገፋ ሹፌር ሁሉ መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ እንደ ጀማሪ በተግባር ይፈተን የሚል። ፈተናው በበርሜሎች መካከል ስምንት ቁጥር መሥራት ነው። የፔጆዋን መሪ ከጥግ እስከ ጥግ ለማድረስ ደግሞ ከአራት ዙር በላይ ማሽከርከር ያስፈልጋል፤ ያውም በሁለት እጅ፣ ያውም ቶሎ ቶሎ። ገሠሠ በአንድ እጁ ሞከረው። የመጀመሪያውን በርሜል ዞሮ ሳይጨርስ ሁለተኛውን በመኪናዋ አፍንጫ ገፋው።

ከወደቀ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሚስቱ ሸዋወርቅ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ትሸጣለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት መደቧ ላይ አንድ ባዶ ጆንያ አራት አጥፋ አነጠፈች።

«ይሄ የማን ነው?» አላት።

«የአንተ ነዋ። እኔ ስመዝን አንተ የበሰበሰውን ትለቅማለህ።»

ያንን ጆንያ በሕልሙ ሁሉ ያየው ጀመር። የአሰብ ሙቀት ያልበገረው ሰው የሽንኩርት ጆንያ ፈራ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በአንድ ግራር ሥር የሚሠራ ሁንዴ የሚባል መካኒክ አለ። እጁ ብልህ፣ ምላሱ ከእጁ የቀደመ ሰው ነው። ገሠሠ የትከሻውን ምሥጢር የነገረው ለእሱ ብቻ ነበር።

«ያ ዋቅ! ጋሽ ገሠሠ፣ ክንድዎ ምን አለው?» አለ ሁንዴ። «ጥፋቱ የመሪው ነው። ሥሩ ያለው ጥርሳም ዘንግ ቀርፋፋ ነው። እኔ ፈጣን አውቃለሁ።»

የሚያውቀው ዘንግ መልካሳ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ ዝጋ የቆመች ትንሽ መኪና ሆድ ውስጥ ነበር። ባለቤቷ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አብዮቱ ሲፈነዳ ጥሏት ሄደ። የእሽቅድምድም መኪና ስለነበረች መሪዋ በሁለት ዙር ተኩል ከጥግ እስከ ጥግ ይደርሳል። ሁንዴ ግቢውን ለሚጠብቁት ሽማግሌ የተበላሸ ሬዲዮናቸውን ጠገነላቸውና ዘንጉን ፈትቶ በጆንያ ተሸክሞ መጣ። የፔጆዋን አሮጌ ዘንግ ከነማሰሪያው በእሳት ቆርጦ ጣለው፤ አዲሱን በየደው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የመጀመሪያው ችግር ወዲያው ታየ። መሪው ፈጠነ፤ ግን ከበደ። ዙር ሲቀነስ ጉልበት ይጨመራል፤ ብረት በነፃ የሚሰጠው ነገር የለውም። ገሠሠ በደህና እጁ ታግሎ ግማሽ ዙር እንኳ አላዞረውም።

ሁንዴ ራሱን አከከ። ከዚያ ወደ ጓሮው ሄደና የአንድ ኤንትሬ ከባድ መኪና መሪ እያንከባለለ መጣ፤ እንደ ሞሰበ ወርቅ የሰፋ ነው። «ሰፊ መሪ ይቀላል» አለ። እውነትም ሲገጥመው ቀለለ። የመሪው ግማሽ ገሠሠ ጭን ላይ፣ ግማሹ መስታወቱ ላይ ደረሰ። ገሠሠ ግን የድሮ ወዳጁን ያገኘ መሰለው፤ ጥቁሩን ክብ ዳሰስ አድርጎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁንዴ አየና ፊቱን ወደ ግራሩ አዞረ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሞተር አስነሡ። ፈተናው ረቡዕ ጠዋት ነው። ገሠሠ ከጋራዡ ወጥቶ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ። ፔጆዋ ወደ ግራ ሄዳ የሁንዴን አጥር ይዛ ገባች።

ሁንዴ የወደቀውን አጥር ትቶ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ።

«እንደገና ይሞክሩ» አለ ሁንዴ ቀስ ብሎ።

ወደ ግራ አዞረ። ወደ ቀኝ ሄደች።

ሁንዴ ሥሯ ገብቶ ተኛ። ከዚያ እግሮቹ ብቻ እየታዩ ሲስቅ ተሰማ። የዚያች መኪና ዘንግ ከጎማው ፊት የሚቀመጥ ነው፤ የፔጆዋ ግን ከኋላ። እሱም ቦታ አጥቶ ዘንጉን ገልብጦ ገጠመው። ስለዚህ ከመሪው የምትወርደው ትንሽ ጥርስ ዘንጉን ከላይ መንካት ሲገባት ከታች ነካችው፤ ሁሉ ነገር ተገላቢጦሽ ሆነ።

«ትስቃለህ? በል አሁን አስተካክል!» ብሎ ገሠሠ ጮኸ።

«የብየዳው ኦክስጅን አልቋል፣ ጋሼ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሐሙስ ነው።»

ገሠሠ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ያቺ አራት የታጠፈች ጆንያ ፊቱ ላይ ድቅን አለች። ሁንዴም ሳቁ ጠፋና አጠገቡ ተቀመጠ። ገሠሠ ድንገት ቀና አለ።

«ሁንዴ፣ ይሄ እኮ ተሳቢ ነው።»

«ምኑ?»

«ወደ ኋላ የሚገፋ ተሳቢ! እጅ ወደ ቀኝ፣ መኪና ወደ ግራ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ምን ስሠራ ኖርኩ?»

ልምምድ ያስፈልጋል፤ ነዳጅ ግን የለም። የሳምንቱ ኩፖን አልቆ በፔጆዋ ጋን ውስጥ የቀረችው ለፈተናው ብቻ የምትበቃ ጭላጭ ናት። ሁንዴ ሮጦ ሰንበታ የሚባለውን ባለጋሪ ጠራው። ሰንበታ ፈረሱን ከጋሪው ፈትቶ ፔጆዋ ላይ አሰረ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ሜዳ ላይ፣ ፈረሱ ከፊት እየጎተተ፣ ገሠሠ ከኋላ መሪውን እያዞረ፣ በአራት ድንጋዮች መካከል ስምንት ደጋግመው ሠሩ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው ተመለከቱ። «ነዳጁ ሲጠፋ ፔጆም ባሏን ፈታች፤ ፈረስ አገባች» አለች አንዷ። ገሠሠ አልሰማም። ዓይኑን ጨፈን እያደረገ ራሱን «አሰብ ነኝ፤ መጋዘን በር ላይ ነኝ» ይለዋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንጋይ መንካት አቆመ።

ፈታኙ ጓድ አምባዬ ይባላሉ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ልብሳቸው የተተኮሰ፣ በእጃቸው ጥራት ከተማው የሚምልላቸው የድሮ ሹፌር ናቸው። ጉቦ አይቀበሉም፤ ቀልድም አይቀበሉም።

ገሠሠ ረቡዕ ጠዋት ከተማው ሳይነቃ፣ የሰንበታን ጋሪ ከፊቱ አስቀድሞ፣ ፔጆዋን በዝግታ እየነዳ እግር በእግር ተከትሎት መፈተኛው ሜዳ ደረሰ። ተፈታኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ተራው ደረሰ።

«በቀኝ በኩል ካለው በርሜል ይጀምሩ!» አሉ አምባዬ።

እዚህ ላይ እጁ የጥንት ልማዱን ያዘ። ወደ ቀኝ አዞረ፤ ፔጆዋ ወደ ግራው በርሜል ሄደች። አምባዬ ፊሽካቸውን ወደ አፋቸው ሲያነሱ ገሠሠ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ከግራ መጀመር ይሻላል ብዬ ነው፣ ጓድ!»

በዚያ ዘመን ከግራ እጀምራለሁ ያለን ሰው በሕዝብ ፊት ማን ተው ይለዋል? አምባዬ ፊሽካውን አወረዱ። ስምንት ቁጥር ደግሞ ከግራም ጀመሩት ከቀኝ ስምንት ነው። ገሠሠ በደህና እጁ ያንን ሰፊ መሪ እንደ ወፍጮ እያሾረ ዞረ፤ ተጠመዘዘ፤ አንድም በርሜል ሳይነካ የጀመረበት ቦታ ላይ መልሶ አቆማት። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አጨበጨቡ። አምባዬ ማኅተሙን ተፉበትና መንጃ ፈቃዱ ላይ አሳረፉት።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አምባዬ ግን ዓይናቸው ያ መሪ ላይ ቀርቷል።

«የኤንትሬ ነው አይደል? እኔም በእሱ ነው ያረጀሁት። እስቲ ልሞክራት» አሉና ገቡ።

እንቢ የሚልበት አፍ አላገኘም። አምባዬ ሞተሩን አስነሥተው በኩራት ወደ ቀኝ አዞሩ። ፔጆዋ በግራ ያለውን በርሜል ገጨች። ከእሱ ለመሸሽ የባሰ ወደ ቀኝ ጠመዘዙ፤ ሁለተኛውን ገጨች። ሦስተኛው በርሜል እየተንከባለለ አግዳሚው ድረስ ሄዶ ተፈታኞቹን በተናቸው። ሳቁ ሜዳውን ሞላው።

ሁሉም በጥቂት ቅጽበት ያለቀ ነገር ነው። ሰው በዚያች ቅጽበት የመኪናን ጥፋት ከራሱ ጥፋት አይለይም፤ በተለይ አንድ ሽማግሌ አሁን በዚያችው መኪና እንደ ልቡ ሲዞር ካየ። አምባዬ ወርደው ቁልፉን መለሱና መዳፋቸውን አገላብጠው ተመለከቱ። ገሠሠ አየ። አፉን ሊከፍት ነበር፤ ከዚያ ማኅተሙ ትዝ አለው። ዝም አይነቅዝም አለና ዝም አለ።

ሐሙስ ኦክስጅኑ መጣ። ሁንዴም ዘንጉን አዙሮ በየደው፤ ቀኝ ወደ ቀኝ፣ ግራም ወደ ግራ ተመለሱ። ታሪኩ ጣቢያው ጀርባ ባለችው ግራር ሥር ብቻ እየተነገረ ሁንዴንና ሰንበታን ሲያስቅ ሰነበተ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት አምባዬ መንገደኛ ሆነው መጡና ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ከኋላ የነበሩት ሰዎች ዓለም ጤና ላይ ወረዱ። ሁለቱ ብቻቸውን ወደ መቂ ሲጓዙ አምባዬ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ማመልከቻ ነው» አሉ። «ዝዋይ ያለው ወንድሜ ሳያየው አላስገባም ብዬ ነው። ፈታኝነቱን ልተው ነው፣ ጓድ ገሠሠ። ያን ቀን እጄ ከዳኝ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዝኩም፤ እፈራለሁ። አንድ ሰው ቀኝና ግራውን ከሳተ ሌላውን እንዴት ይፈትናል?» ወረቀቱን መልሰው አጠፉና ደግሞ «ቤት ውዬ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ባለቤቴ የዶሮ ቤት አሠርታለች፤ ትጠብቃለህ ትለኛለች» አሉ።

ገሠሠ መጀመሪያ ሳቅ መጣበት። የዶሮ ቤት! ከዚያ የሸዋወርቅ ጆንያ ትዝ አለችው። ያችን ጆንያ ከራሱ ላይ አንሥቶ በእኚህ ሰው ጫንቃ ላይ ጥሏታል። ዝምታው ነቅዞ አገኘው። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

መንገድ ዳር፣ ግራሮች ያሉበት ሜዳ አጠገብ አቆመ። ሁሉንም ነገራቸው፤ ትከሻውን፣ ዘንጉን፣ ፈረሱን፣ ማኅተሙን። አምባዬ ዓይናቸውን ከፊታቸው ሳያነሱ ሰሙት።

«መንጃ ፈቃድዎን ያምጡ» አሉ ሲጨርስ።

ሰጣቸው። ኪሳቸው ከተቱት።

«ይውረዱ።»

ወረደ። አምባዬ መሪውን ያዙና ሜዳው ውስጥ ገቡ። በሁለት ግራሮች መካከል አንድ ስምንት ሠሩ። ደገሙ። ሠለሱ። አቧራው ተነሥቶ ፔጆዋን ሸፈናት፤ ገሠሠ መንገድ ዳር ብቻውን ቆሞ የሰውዬውን ሳቅ ከአቧራው ውስጥ ይሰማል። ስድስተኛው ላይ አጠገቡ መጥተው ቆሙ። ፊታቸው በአቧራና በእንባ ጭቃ ሆኗል።

«የእኔ እጅ ደህና ነው!» አሉት።

«ደህና ነው፣ ጓድ። ይቅር ይበሉኝ።»

እስከ ዝዋይ አምባዬ ነዱ፤ ገሠሠ በራሱ መኪና መንገደኛ ሆነ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠበስበት ቤት በር ላይ አቆሙና ማመልከቻውን አራት ቦታ ቀደዱት። መንጃ ፈቃዱን ከኪሳቸው አውጥተው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ሰጡት።

«በአንድ እጅ፣ በተገለበጠ መሪ በርሜል ያልነካን ሰው ምን ብዬ እጥለዋለሁ? ግን የሚቀጥለው እድሳት ፈተናዎ በእኔ መኪና ነው» አሉ። «መሪውንም የምገጥመው እኔ ነኝ።»

ገሠሠ ሳቀ፤ ዓሣውንም ጋበዘ። አምባዬ ግን አልሳቁም ነበር።

ያን ዕለት ከዝዋይ ተመልሶ፣ ለሚቀጥለው እድሳት ከወዲሁ መዘጋጀት ይሻላል ብሎ፣ በቀጥታ ገበያ ሄደ። ሸዋወርቅ መደቧ ላይ ጆንያዋን ጠጋ አድርጎ ሲቀመጥ አየችው። ገሠሠ አንዱን ሽንኩርት አንሥቶ አገላበጠና ጠየቃት።

«የበሰበሰው የሚታወቀው ከላይ ነው ከታች?»