የሙዲሩ ፊት

ዛሬ ረፋዱ ላይ እዚሁ ካርቱም፣ ለእኛ ለኃላፊዎች በተዘጋጀ የስሜት ብልህነት ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ «የሰውን ስሜት አንብቡ፤ የራሳችሁንም አትደብቁ» ሲለን ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ደዋዩ በእኔ ሥር የምትሠራው የሰናይት አጎት ነው።

«እትዬ፣ ወንድሟ አገር ቤት አርፏል። ቅዳሜ ንጋት ተሰብስበን እስክናረዳት አደራ፣ እንዳታውቅ።»

ከዚያ በኋላ የሥልጠናውን ነገር አልሰማሁም። ሐሳቤ ወደ ድሮው ሙዲራችን ሄደ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሠፈር በሚገኝ የሰሊጥ ላኪ ድርጅት ሻይ አፈላለሁ፤ ማታ ከልጆች ጋር አራተኛ ክፍል እማራለሁ። ሙዲሩ፣ ማለትም ሥራ አስኪያጁ፣ የነጋዴን ሆድ ከፊቱ የሚያነብ፣ ለሠራተኛ ግን ፈገግታ የሚሰስት ሰው ነበር።

ሐቡብ የሚሉት የበረሃ ማዕበል ከተማውን አቧራ ያለበሰ ሰሞን ነው። ከምኖርበት ከአርካዊት ሠፈር በረክሻ፣ በባለ ሦስት እግሯ ታክሲ፣ ስመጣ ለእናቴ የገዛሁትን ነጭ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ልብስ፣ ይዤ ነበር። ፈጡር የሚሉትን የረፋድ ቁርስ የቢሮው ወንዶች ከአንድ ሳህን ይበላሉ፤ እኔ ሻይ ማፍያው አጠገብ ለብቻዬ። የዚያን ዕለት ግን ሙዲሩ ራሱ «ተዓሊ፣ ነዪ፣ ከእኛ ጋር ብዪ» አለኝ። ፉሉ የሰሊጥ ዘይት ፈሶበት ያውዳል፤ የሚቀልድ ግን የለም። እንቁላሉን ሁሉ ወደ እኔ ይገፋሉ። ሾፌሩ ጋሽ ወርቁ፣ «ተማሪዋ፣ አጥንተሻል ወይስ ዱላ ላምጣ?» ሳይል የማይውለው፣ ቀና ብሎም አላየኝ።

ዝምታው ሲከብደኝ ቶቡን አውጥቼ አሳየኋቸው። ሙዲሩ ጫፉን ዳሰስ አድርጎ «ሰሚሕ፣ ቆንጆ ነው» አለ።

«እናቴን ለማየት የአንድ ሳምንት ፈቃድ ቢሰጡኝ?»

«ወርም ይሁን፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ።»

ለሰው ግማሽ ቀን የማይፈቅድ ሰው! ሊያባርረኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከመስታወቱ ወዲያ ከአቧራ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ስለ እንጀራዬ ሳለቅስ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ወርቁ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል፤ ከኋላው ያገሬ ሰዎች፤ ከሁሉም ኋላ ሙዲሩ፣ መዳፎቹን ለፋትሓ፣ ለሙታን ለሚደረገው ዱዓ፣ ዘርግቶ። ማንም ሳይናገር እሱ ተንሰቀሰቀ።

ኋላ እንደሰማሁት «በእኛ ዘንድ ሞት አይደበቅም» እያለ ሊነግረኝ ሲነሣ፣ ያገሬ ሰዎች ለምነው መልሰውታል። ማናቸው ልክ እንደነበሩ ዛሬም አላውቅም። ለእኔ ግን እናቴ አንድ ሌሊት ጨምራ ኖራለች፤ እኔ ያን ሌሊት ስለ ሥራ አለቀስኩበት።

ከሥልጠናው ስመለስ ሰናይት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ወንድሜ ስልክ አላነሳ አለኝ። ኔትወርኩ ይሆናል፣ አይደል?» ካለች በኋላ ትክ ብላ አየችኝ። «እትዬ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም። አስቀየምኩዎት እንዴ?»

«ምንም» አልኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የሰው ፊት ማንበብን በስተርጅናም ቢሆን ያስተምራሉ። የራስን ፊት የት እንደሚያኖሩት ግን ያስተማረኝ የለም፤ ሙዲሩም አላወቀበትም።

ገና ሐሙስ ነው።